ሦስት ስኒ ድምፅ

ዲላ ውስጥ ስለ ሙዚቃ ክርክር ከተነሳ ዳኛ ሆኖ የሚጠራው እኔ ነኝ። ጉራ የመሰለው ሰው ካለ መናኸሪያ ይውረድና «በፍቃዱ ሙዚቃ ቤት» ብሎ ባጃጅ ይያዝ፤ ሾፌሩ ማንንም ሳይጠይቅ ያደርሰዋል። በካሴት ዘመን ካሴት ሸጥኩ፣ ሲዲ ሲመጣ ሲዲ ሸጥኩ፣ ሲዲ ሲሞት ደግሞ ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ ላይ ዘፈን እየጫንኩ ልጅ አሳደግኩ። ኮፒ የተደረገ ካሴትና ዋናውን ሽፋኑን ሳላይ፣ ከመግቢያው ብቻ እለያቸው ነበር። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ አከፋፋይ ኮፒውን ዋና ነው ብሎ ሊሸጥልኝ ሞከረ፤ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ካሴቱን አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ከዚያ ወዲህ በከተማው «የበፍቃዱ ጆሮ» ይባል ጀመር። እኔም አልከለከልኩም።

አሁን ሱቄ የሚሸጠው የስልክ ቻርጀርና ኮቨር ነው። ባለቤቴ «አንተ ኩራትህ እራትህ ነው» ትለኛለች። ምን አለበት? ከሱ ሌላ እራት የጠፋበት ዓመትም ነበር።

ልጄ ሩሃማ እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቀች። ጓደኞቿ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ እሷ ሱቄ ጓዳ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግታ ቀረች። ደስ አለኝ፤ ቻርጀር ልታሻሽጠኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አብይ ከሚባል ልጅ ጋር ሆና «እሸት» የሚባል ነገር ከፈተች። አብይ የገደብ ልጅ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን እየቀዳ ሙያውን የተማረ፣ ማይክሮፎኖቹን እንደ እንቁላል በጨርቅ ጠቅልሎ የሚዞር። እሸት ደግሞ ሰው በስልኩ፣ በኢንተርኔት፣ በወር እየከፈለ ሙዚቃ የሚሰማበት ነው።

«ዘፈኑ የት ነው የሚቀመጠው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ክላውድ ላይ ነዋ አባዬ። በሰው አገር ኮምፒውተር ላይ ቦታ ተከራይተናል።»

«የት አገር?»

«እሱን እኔም በትክክል አላውቅም።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን የማላይ» አልኳት። አብይ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«ይልቅ ስማኝ። ሌሎቹ ዘፈኑን ጨምቀው ነው የሚልኩት። ፋይሉ እንዲቀልላቸው ከድምፁ ይቀንሳሉ፤ ሰው አይሰማውም የሚሉትን ቆርጠው ይጥላሉ። እኛ አንቆርጥም። አብይ የቀዳውን እንዳለ ነው የምንሰጠው።»

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አልኩ በልቤ። ስለ ድምፅ መቆረጥ ለኔ ይነገረኛል? ሲዲውን ትቶ ሚሞሪ ላይ ሁለት ሺህ ዘፈን ጠቅጥቀህ ካልጫንክልኝ ከሚል ሰው ጋር ስንት ጊዜ ተጣልቻለሁ! ግን ወደድኩት። እውነቴን ነው፣ በጣም ወደድኩት። የጌዴኦ መዘምራን፣ የጉጂና የሲዳማ ዘፈን፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ባንድ፣ ሁሉም ከዲላ ተነስቶ ሳይሸራረፍ ወደ ዓለም ይሄዳል ስትለኝ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ከፍ አለ።

መጀመሪያ ሰው ጎረፈ። የቡና ሰሞን ነበር። ከዚያ በኋላ ችግሩ በተራ በተራ መጣ። ሙሉ ድምፅ ከባድ ነው፤ አንዱ ዘፈን የአምስት የስድስት ዘፈን ዳታ ይበላል። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ዋይፋይ የሚደርስበት ጥግ ተኮልኩለው ካልሆነ በቀር አይከፍቱትም። የኪራዩ ቦታ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ አልወርድም ብሏል። አንዱ ተንኮለኛ ይከፍልና ዘፈኑን ገልብጦ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል፣ ያውም አበላሽቶ። ክረምት ሲገባ ወርሃዊ ክፍያውን የሚያድስ ሰው ጠፋ፤ ኅዳር ድረስም አልተመለሰም። ሩሃማ ጓዳ ውስጥ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ ትውላለች፤ አብይን ሐዋሳ ያለ ስቱዲዮ ሥራ እየጠራው ነው። የወሩ መጨረሻ ላይ ኪራዩ ካልተከፈለ ዘፈኖቹ በሙሉ ይጠፋሉ፤ ነገሩ እዚህ ደርሶ ነበር።

እሌኒ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። የአዲስ አበባ ትልቅ የሙዚቃ ድርጅት የላካት ሴት ናት፤ ጨዋ፣ ንግግሯ የተለካ። እሸትን በገንዘብ ሊደግፉ፣ ኪራዩንም ሊሸከሙ ተዘጋጅተዋል። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋሉ፤ ሙሉ ድምፁ ይቅርና ዘፈኑ ሁሉ ተጨምቆ ይላክ።

«ጋሽ በፍቃዱ፣ እርስዎ ነጋዴ ነዎት» አለችኝ ሱቄ ባንኮኒ ላይ ተደግፋ። «ባጃጅ ውስጥ ሆኖ፣ በዚህች ስልክ የሚሰማ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል? የማይሰማ ነገር ለመላክ ለምን ይከስራሉ?»

«ጆሮ ያለው ያውቀዋል።»

«ማን አለው?»

«እኔ!» አልኩ። በሩ ላይ ቻርጀር ሲመርጥ የነበረው ሰውዬ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።

እሌኒ አልሳቀችብኝም። ይልቅ ትንሽ አሰበችና፣ «ጥሩ። እርስዎ ለይተው ካሳዩኝ አለቆቼ ፊት ቆሜ ለሙሉ ድምፁ እከራከራለሁ። እስካሁን የምይዘው ማስረጃ አልነበረኝም። ካልለዩት ግን ሩሃማ ነገ ትፈርምልኝ» አለች።

ልጄን አየኋት። ፊቷ ላይ ፍርሃት ይኖራል ብዬ ነበር፤ የለም። እንዲያውም ከብዙ ጊዜ በኋላ ትከሻዋ ቀለል ብሎ አየሁት።

«እሺ። አባዬ ይፍረድ» አለች። «ግን በወግ ይሁን። ቡና በሚቀመስበት ወግ።»

ቡና ቀማሽ አካባቢ ላልኖረ ሰው ልንገረው። ሦስት ስኒ ይቀዳል። ሁለቱ ስኒ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ቡና ነው፣ በአንዱ ውስጥ ግን ሌላ። ቀማሹ የቱ የቱ እንደሆነ አይነገረውም፤ በማንኪያ ፉት እያለ ባዳውን ስኒ ያወጣል። እኛ አገር በወሬ ቡና አይሸጥም፤ የሁሉም ነገር ዳኛ ምላስ ነው። ሩሃማ ደግሞ የአባቷን ጆሮ እንደ ምላስ ቆጠረችው። ይህን ስህተት ከጌዴኦ ውጭ የሚሠራው ያለ አይመስለኝም።

በማግስቱ ጠዋት አራታችን ገደብ አጠገብ ወዳለችው የቡና መንደር ወደ ባንኮ ጎቲቲ ሄድን። ኅዳር ነው፤ መንገዱ ቀይ ቡና በጫኑ አይሱዙዎች ተጨናንቋል፣ በእንሰቱ መሀል ሰው ሁሉ ወገቡ ላይ ቅርጫት አስሮ ይለቅማል። የመረጥነው ቦታ የአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቅምሻ ክፍል ነው፤ ዋና ቀማሹ ደበበ የድሮ ወዳጄ ነው። የመጀመሪያውን ቴፕ ሪከርደር የገዛው ከኔ ነበር፣ በዱቤ፣ ቡና ሲደርስ ሊከፍል። ክፍሉ ጸጥ ያለ ስለሆነና የሚሰማው ዘፈን የተቀዳው እዚያው ስለሆነ ነው የሄድነው። አብይ ባለፈው ዓመት ሴቶቹ በማድረቂያው አልጋ ዙሪያ ቆመው የተሰጣውን ቡና እየለቀሙ በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ የሚቀባበሉትን ዘፈን ቀድቶ ነበር። እሸት ካላት ሁሉ የምንኮራበት እሱ ነው።

ደበበ በሩ ላይ ቆመና አፍንጫውን ነፋ። አማርኛ ሲናገር ሴትና ወንድ አይለይም።

«እንግዳዋ ሽቶ ተቀብቷል። ሽቶ ያለው ሰው እዚህ አይገባም።»

«ጋሽ ደበበ፣ ዛሬ እኮ የምንቀምሰው በጆሮ ነው» አለው አብይ።

«ቢሆንስ? ቤቱ ያው ቤቱ ነው።»

እሌኒ ሳትቆጣ ወጥታ አንገቷን በውሃ ታጥባ ተመለሰች። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያከበርኳት።

አብይ ሁለት ስፒከር ይዞ መጥቷል፤ ከክፍሉ ጥግ ጥግ ተከላቸውና ጀርባውን ሰጥቶን ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። ደበበ ሦስት ባዶ ስኒ ጠረጴዛው ላይ ደፋ፤ ልማዱ ነው። ዘፈኑ በየዙሩ ሦስት ጊዜ ይጫወታል፣ ሁለቴ በሙሉ ድምፁ፣ አንዴ ተጨምቆ፤ ዙሩም ሦስት ነው። እኔና እሌኒ እንሰማለን፣ ከዚያ እሷም እኔም ለየብቻ ደበበ ጆሮ ላይ መልሳችንን እንናገራለን፤ ትክክለኛውን አብይ ጽፎ ለሱ ብቻ ሰጥቶታል። ሩሃማ በመስኮቱ በኩል፣ ፊት ለፊቴ ቆማለች።

የመጀመሪያው ተጫወተ። መሪዋ ጀመረች፣ ሴቶቹ ተቀበሉ። አቤት ማማሩ! ሁለተኛው ተጫወተ፤ እሱም ያው አማረ። ሦስተኛው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ካሴት እለይ በነበረበት ጊዜ እንደማደርገው አንገቴን ወደ ግራ አዘንብዬ ሰማሁ። አማረ።

ሦስቱም አንድ ነበሩ።

ምናልባት አብይ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ዞር አልኩ። አልተሳሳተም፤ እሌኒ በርግጠኝነት ተነስታ ደበበ ጋ ሄዳ አንሾካሾከችለት። እኔ በተራዬ ሄድኩና «ሁለተኛው» አልኩት፣ ዝም ብዬ። የደበበ ፊት ምንም አይናገርም፤ የዕድሜ ልክ ሥራው ነው።

ለሁለተኛው ዙር ስቀመጥ ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ቀንሰው የምትለኝ ትዝ አለኝ። ሰው ሱቅ ገብቶ ሲያናግረኝ «ምን አልክ?» የምለው ትዝ አለኝ። ደንበኞቼ ስልካቸውን ስሞክርላቸው እርስ በርስ የሚተያዩት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ከተማው በሙሉ በፍቃዱ ደነቆረ ብሎ ሲያወራ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ እፍረት በዕድሜዬ ደርሶብኝ አያውቅም።

ዘፈኑ እንደገና ተጀመረ። አንድ። ምንም። ሁለት። በዚህ ጊዜ ዓይኔን አልጨፈንኩም ነበርና ሩሃማን አየኋት። ሁለተኛው እንደተጀመረ ግንባሯ ተቋጠረ፤ ምግብ ውስጥ ጠጠር እንደነከሰ ሰው። ሦስተኛው ሲመጣ ፊቷ ተፈታ። ልጄ ፊቷን መደበቅ ከልጅነቷም አትችልም።

መልሱ ተሰጠኝ ማለት ነው። እሌኒ መልሷን ነግራው ተመልሳለች፤ ተነስቼ ደበበ ጋ መሄድና «ሁለተኛው» ማለት ነው የቀረኝ። የመጀመሪያውን ዙር በድንጋጤ ስቼ ነው ብል፣ በሦስተኛውም ፊቷን ባነብ ማን ያውቅብኛል? እሸት ትተርፋለች። ስሜም ይተርፋል። እየተራመድኩ ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ አላሰብኩም ብዬ አልዋሽም።

ደበበ ጆሮውን ሰጠኝ። «ስንተኛው?» አለኝ።

ያኔ ይህን ሰውዬ አየሁት። ቀይ ቡና ከመንደር ወደ ስኒ እስኪደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ የሚያውቅ፣ ምላሱ ያልነገረውን ነገር አንድ ቀን እንኳ ፈርሞ የማያውቅ ሰው ነው። በሱ ጆሮ ውስጥ ውሸት ማስቀመጥ አቃተኝ።

«አልሰማሁትም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «ደበበ፣ አንዱንም አልሰማሁትም። ሦስቱም ለኔ አንድ ናቸው። የቅድሙንም ገምቼ ነው።»

አብይ ከኮምፒውተሩ ዞረ። ሩሃማ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ስለ እሸት ይሁን ስለ እኔ ያን ጊዜ አላወቅኩም።

«እንግዳዋስ?» አለ አብይ ቀስ ብሎ።

«እሷ ሁለቱንም አግኝቷል» አለ ደበበ። «ቀማሽ ነው እሷ።»

እሌኒ ደስ ያላት አትመስልም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ሰምቼዋለሁ፤ እውነት ነው። በተጨመቀው ላይ ሴቶቹ የቆሙበት ቦታ ይጠፋል፤ ሁሉም ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ይመስላሉ። ግን ጋሽ በፍቃዱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኸው እኮ ነው ነገሩ። ዕድሜ ልካቸውን ከሙዚቃ ጋር የኖሩ ሰው ካልሰሙት ለማን ብለን ነው ይህን ሁሉ ዶላር የምናወጣው?»

ቦርሳዋን ከፍታ ውሉን አውጥታ ከተደፉት ስኒዎች አጠገብ አስቀመጠች። ሩሃማ ቀረበች፣ እስክሪብቶውንም አነሳች። እጇን ሳየው ነደደኝ። በማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ነደደኝ።

«ቆይ!» አልኩ። «ደበበ፣ በመስኮቱ ተመልከት። እነዚያ ማድረቂያው አልጋ ላይ ያጎነበሱ ሴቶች የሚለቅሙትን ቡና ጠጥተው ያውቃሉ?»

«የት አግኝተው? እሱ ወጪ ነው፣ ውጭ አገር ነው የሚሄደው። እኔም ቤቴ የማፈላው ተለቅሞ የተጣለውን ግርዱን ነው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ አጎንብሰው አንዷን የተሰበረች ፍሬ የሚያሳድዷት? የማይቀምሱትን?»

ደበበ ሞኝ እንደጠየቀው ሰው አየኝ። «ስማችን አለበታ! ጆንያው ላይ የሚጻፈው የኛ አገር ነው።»

«እንግዲህ!» አልኩና ወደ እሌኒ ዞርኩ። «እኔ ደነቆርኩ። በቃ፣ ደነቆርኩ፤ ዛሬ ወደ ዲላ ስመለስ ራሴ አወራዋለሁ። ግን እኔ ስለ ደነቆርኩ አገር ይደንቁር እንዴ? ዘፈኑን በኔ ጆሮ ልክ ትቆርጡታላችሁ? አንቺ ሰምተሽዋል፣ ልጄ ሰምታዋለች። ዛሬ የተወለደ ሕፃን ነገ ይሰማዋል። እኔ ባልሰማው እንኳ እዚያ እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ። የኔ ልጅ ነች የሠራችው፣ የኛ አገር ሴቶች ናቸው የዘፈኑት፤ ግርዱን አትላኩብኝ!»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ አልጋው ዙሪያ ያሉት ሴቶች ቀና ብለው በመስኮቱ ያዩናል። ለካ ደንቆሮ ሲቆጣም ይጮሃል።

ሩሃማ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። እያለቀሰች ትስቃለች። አፍንጫዋን በእጇ ጠራርጋ ከእሌኒ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ስትናገር ግን ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«ድምፁን አልቀንስም። የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ነው። ክረምት ላይ ሰው ጠፋ ብዬ ሳለቅስ ከረምኩ። ክረምት ላይ እዚህ አገር ማን ብር አለው? ሰው የሚያገባው በቡና ጊዜ፣ ቤት የሚሠራው በቡና ጊዜ፣ አባዬ ሱቅ ቴፕ የሚወሰደው ‹ቡና ሲደርስ› ተብሎ። እኔ እዚያ ሱቅ ውስጥ አድጌ፣ እንደ ውጭ አገር ሰው በየወሩ ክፈሉ አልኩ። ከዛሬ ጀምሮ የዓመቱን አንዴ፣ በለቀማ ጊዜ ነው የምንቀበለው።»

«ዳታውስ?» አለች እሌኒ። «ኪራዩስ?»

«የተጨመቀው ለናሙና ይሁን፤ ሰው በቀላሉ ቀምሶ ይምረጥ። ሙሉው ግን ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ ዋይፋይ ያለው። ማጠቢያ ጣቢያ ላይ፣ ገደብ መናኸሪያ ላይ እናስቀምጠዋለን። ሰው አጠገቡ ሲደርስ ያለ ዳታ ስልኩ ላይ ያወርዳል። ዘፈኑ እዚሁ ከኛ ጋር ከተቀመጠ በዶላር የምንከራየው ቦታ ጥቂት ይበቃዋል።»

እንግዲህ ይህን ሁሉ መቼ አሰበችው? አብይ አፉን ከፍቶ ያያታል፤ ለሱም አዲስ ነው። እኔ ደግሞ ክላውድ ብላ ሰማይ ላይ የሰቀለችውን ላም ስታወርዳት እያየሁ ነው። ወገቤን ይዤ ቆምኩ፤ የማያውቃት ሰው ቢኖር ‹ይቺ የኔ ልጅ ናት› ብዬ በተናገርኩ።

«የመጀመሪያውን ሳጥን እዚህ አድርጉ» አለ ደበበ። «ሴቶቹ የራሳቸውን ዘፈን በፊት ይስሙ እንጂ።»

እሌኒ ውሉን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ለአለቆቼ እነግራቸዋለሁ፤ እሺ ይሉኛል ብዬ ግን ቃል አልገባም» አለች። ስትወጣ እጄን በሁለት እጇ ጨበጠች።

ቃል ባለመግባቷ ደግ አደረገች። በሳምንቱ ደውላ አለቆቿ እንዳልተቀበሉት ነገረችን። ሳጥን፣ ዓመታዊ ክፍያ፣ ቡና፣ ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ቢሮ ሰዎች ተረት ሆኖባቸዋል። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ግን ለሩሃማ፣ «የራሴን ግን የዓመቱን ከፍያለሁ፤ ሙሉውን ድምፅ» አለቻት።

ወሩ ሳያልቅ ልጆቹ ዘፈኖቹን በሙሉ ከክላውዱ አወረዱ። አብይ ሐዋሳ አልሄደም። የባንኮ ጎቲቲው ሳጥን ቅምሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ሴቶቹ ከሥራ ሲወጡ በሩ ላይ ሰልፍ ይሠራሉ አሉ፣ ደበበም ሽቶ ያላት እንዳትገባ ይቆጣጠራል። የገደቡን ሳጥን እኔው ነኝ ታቅፌው የሄድኩት፤ አውቶቡስ ውስጥ ጎረቤቴ ምንድን ነው ቢለኝ ገደብ እስክንደርስ አልለቀቅኩትም። ሩሃማ ሀብታም ሆነች ብዬ አልዋሽም። ግን ቡናው አልቆ ክረምቱ ሲመጣ እሸት በሕይወት ነበረች፤ ሰዉ ከፍሏል፣ የማንም ዘፈን አልተቆረጠም።

ስለ ራሴ ያልኩትን ፈጽሜያለሁ። ከባንኮ ጎቲቲ የተመለስን ዕለት ደንቁሬያለሁ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገርኩ። የሚገርመው፣ አንድም ሰው አልደነገጠም።

ያን ቀን ግን ሌላም ነገር ነበር። ከመኪና ወርደን ሱቅ ስንገባ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ሩሃማ በሩን ገርበብ አደረገችና ወንበሬ ላይ አስቀመጠችኝ። የአብይን ትልቁን ሄድፎን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ፤ አንዱን ጆሮ ትንሽ ገለጥ አድርጋ፣ ድምፅዋ እንዲሰማኝ።

«የማትሰማውን እኔ እነግርሃለሁ» አለችኝ።

ዘፈኑ ተጀመረ። መሪዋ፣ ከዚያ ሴቶቹ። ያው እንደ ቅምሻ ክፍሉ።

«አሁን» አለች ሩሃማ በጆሮዬ፣ «ዳር ያለችው ሴት ልትቀበል ትንፋሽ ሳበች… አሁን ቡናው ከጣታቸው ሥር እየተንሸራተተ ነው፣ ሽሽሽ ይላል… በስተግራ አንዷ ከሌሎቹ ዘገየች፣ አሁን ደረሰችባቸው… ከሩቅ ወፍ አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ… አሁን ደግሞ መሪዋ ፈገግ አለች።»

«ፈገግታ ይሰማል እንዴ?»

«ይሰማል አባዬ። ድምፁ ይቀየራል።»

እንባዬ መጣ፤ አልጠረግኩትም። ይህን ሁሉ የሚሰማ ጆሮ ከቤቴ ወጥቷል። የኔው ጆሮ ቢሆን ኖሮ እንዲህ የምኮራበት አይመስለኝም። አንድ ሰው በሩን ገፋ አድርጎ ቻርጀር አለ ወይ አለ፤ ነገ ና አልኩት።

«የቱ ጋ ነው ፈገግ ያለችው?» አልኳት። «እስኪ መልሽው።»

መለሰችው።